ለንደንን የነደፈ እጅ ጉለሌ ሲደርስ

የጉለሌ ታክሲ ረዳት ሁሉ ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝ ስም ሲጣራ ይውላል። “ጳውሎስ፣ ዊንጌት! ሁለት ሰው፣ ዊንጌት!” ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል የገቡ መኮንን ናቸው። በስማቸው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ አደባባዩ ተሻገረ። ዛሬ ዊንጌት የሰው ስም መሆኑን ሳያውቅ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሞልቷል።

ሌላ እንግሊዛዊ ደግሞ አሉ፤ ረዳት የማይጣራላቸው። ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ይባላሉ። አርክቴክት ነበሩ፤ ከአርክቴክትነት ወደ ከተማ ነዳፊነት ተሻግረው በዘመናቸው በዚያ ሙያ እንግሊዝ ውስጥ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዊንጌት ለጉለሌ ስም ትተውላታል። አበርክሮምቢ የተዉልን ነገር ከስም ይከብዳል። “ማስተር ፕላን ወጣ” በተባለ ቁጥር የስንቱ ሰው ሆድ እንደሚሸበር ታውቁት የለ? ከጣሊያን በኋላ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ትልቅ ማስተር ፕላን የነደፉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እስቲ ሰውየውን እንያቸው።

የእንግሊዝ አገሩን ታሪክ በፈረንጅ ዓመት፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ። ይህን ስል አንድ የሚያስቅ ነገር ትዝ አለኝ። አበርክሮምቢ የተወለዱት በ1879 ነው። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ካሌንደሩ ሁለት! ሰውየውና ከተማችን ከመጀመሪያውም ሲተላለፉ ነው የኖሩት ማለት ነው።

ማንቸስተር አጠገብ ተወለዱ። ወንድማቸው ላሴልስ አበርክሮምቢ በአገሩ የታወቀ ባለቅኔ ነበር። እሳቸው በማንቸስተር አንድ አርክቴክት ቢሮ ገብተው ሙያውን ከሥር ተማሩ፤ ከዚያ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1909 ለከተማ ንድፍ ትምህርት ክፍል ሲከፈት ገንዘቡን የሰጡት የሳንላይት ሳሙና ባለቤት ዊሊያም ሌቨር ነበሩ። አዎ፣ ያው ዛሬም ከሱቅ የምንገዛው ሳንላይት። ከተማን በሳይንስ መንደፍ የሚባለው ትምህርት እንግሊዝ ውስጥ በሳሙና ነጋዴ ገንዘብ ነው የተጀመረው። አበርክሮምቢ በ1915 የዚያ ክፍል ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያው ሰሞን ደብሊን ከተማን ለመንደፍ በወጣው ውድድር ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተወዳድረው አሸነፉ። ንድፉ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ አብዛኛው ግን ወረቀት ላይ ቀረ። የከተማ ነዳፊ ኑሮ እንዲህ ነው። ሐኪም ቢሳሳት በሽተኛው ይሞትበታል፤ ነዳፊ ቢሳሳትም ቢያስተካክልም ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ሊያድር ይችላል።

የደብሊኑን ውድድር ከዳኙት አንዱ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ነበሩ። የጌዲስ ትምህርት በአጭሩ “በፊት ጥናት፣ ኋላ ፕላን” የሚል ነው። እርሳስ ከማንሳትህ በፊት ሂድና እይ፤ ሰው የት ይሠራል፣ የት ይገበያያል፣ ልቅሶ ሲሆን ማን ማን ዘንድ ይደርሳል፣ ውኃ ከየት ይቀዳል። አበርክሮምቢ ይህን ትምህርት ተቀበሉ፤ ዕድሜያቸውንም ሙሉ ሲያስተምሩት ኖሩ። ይህን ያዙልኝ፤ የዛሬው ክስ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

እናላችሁ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የጀርመን ቦምብ ለንደንን ሲያነድ፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ መንግሥት ለአበርክሮምቢ “ከጦርነቱ በኋላ የምትሠራዋን ለንደን ንደፍልን” አላቸው። ሁለት ፕላን አወጡ፤ አንዱን በ1943 ከፎርሾው ጋር፣ ሁለተኛውን፣ ታላቋ ለንደን የሚባለውን፣ በ1944። በ1945 “ሰር” ተባሉ። በ1948 የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ሆኑ። ፕሊመዝን፣ ኸልን፣ ኤዲንብራን፣ ሆንግ ኮንግን ነደፉ። የነደፉትን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም።

ከለንደኑ ሥራ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ካርታ አለ። የከተማዋን ሰፈሮች ያሳያል፤ ሲያዩት ጠረጴዛ ላይ ድንች የተዘረገፈ ይመስላል። አንዱ ድንች አንድ ሰፈር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ለንደን ከሩቅ አንድ ከተማ ትመስላለች እንጂ ጠጋ ሲሏት የብዙ መንደሮች ስብስብ ናት፤ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሱ ወሬ አለው። እንግዲህ መንገድ ስትዘረጋ ድንቹን በመሐል አትቁረጠው፤ በዳር በዳር እለፍ። አዲስ ሰፈር ስትሠራም ከ6,000 እስከ 10,000 ሰው የሚይዝ፣ መካከሉ ላይ ትምህርት ቤት ያለው፣ ሕፃን ትልቅ መንገድ ሳያቋርጥ የሚደርስበት አድርገው። ከተማን ያህል ግዙፍ ነገር እያሰቡ የአንዲት ሕፃን እግር የት እንደሚረግጥ ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ባርኔጣ ይነሣላቸዋል።

የታላቋ ለንደን ፕላን ግን ሌላ ፊት አለው። ከተማዋን በቀለበት በቀለበት ከፈላት። መሐሉ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ፣ ቀጥሎ ከተማዋን እንደ መቀነት ዙሪያዋን የሚያስር፣ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መሬት፣ ከመቀነቱ ወዲያ ደግሞ አዳዲስ ከተሞች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከጠባቡ ለንደን ወጥቶ ወደ ውጭ እንዲሰፍር ታሰበ። አንድ ሚሊዮን! በወረቀት ላይ ቀስት ነው። ቀስቱ ውስጥ ግን አያት አለች፣ አማች አለ፣ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ አለ።

ነባሩ ሰውስ ምን አለ? የመጀመሪያዋ አዲስ ከተማ ስቲቭንጅ ነበረች። በ1946 “መንደራችሁ አዲስ ከተማ ሊሆን ነው” ሲባሉ ነዋሪዎቿ ተቆጡ። የሚኒስትሩ ስም ሲልኪን ነበርና በባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ “ሲልኪንግራድ” ብለው ጻፉበት፤ ስታሊንግራድ እንደማለት። በ1957 ደግሞ ያንግና ዊልሞት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈር ወደ ዳር የተዛወሩ ቤተሰቦችን አጥንተው መጽሐፍ አወጡ። ያገኙት ነገር እኛን አያስደንቀንም። ሰዎቹ ንጹሕ ቤትና ቧንቧ አገኙ፤ በየቀኑ የምትመጣዋን እናት፣ ልጅ የምትይዘዋን እህት፣ ገና ከበር ሲወጡ በስም የሚጠራቸውን ጎረቤት አጡ። እንግሊዞቹ ይህን በጥናት ደረሱበት። እኛ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ነው የደረስንበት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

አዲስ አበባ አበርክሮምቢን ስትጠራ 1946 ዓ.ም. ነበር፤ ሰውየው 75 ዓመታቸው ነው። ፕላኑ በ1948 ተጠናቀቀ። በመጋቢት 1949 አረፉ። አዲስ አበባ ከመጨረሻ ሥራዎቻቸው አንዷ ናት ማለት ነው።

ንድፉን ስታዩት ወዲያው ትለዩታላችሁ። ቀለበት መንገድ አለ። ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጨረር የሚወጡ መንገዶች አሉ። በትምህርት ቤት ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰፈሮች አሉ። ዙሪያውን ደግሞ እንደ ጨረቃ የሚዞሩ ትናንሽ ከተሞች፤ መካኒሳ፣ ረጲ፣ ገፈርሳ፣ ቃሊቲ፣ ኮተቤ። ይህ የታላቋ ለንደን ፕላን ነው፤ ኮቱን አውልቆ ጋቢ የለበሰ። ከዚያ ወዲህ በፕላኑ ላይ የጻፉ የከተማ ባለሙያዎችም ከሁሉ በፊት የሚያነሡበት ነቀፌታ ይኸው ነው፤ የእንግሊዝ መልክ በአዲስ አበባ ላይ ተጫነ ይላሉ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ለንደን ያኔ ስምንት ሚሊዮን ሰው የያዘች፣ በፋብሪካ ጭስ የታፈነች፣ በቦምብ የተቦዳደሰች ከተማ ነበረች። በሽታዋ መግዘፍ ነው፤ ስለዚህ ማሳነስና ሰውን ወደ ውጭ ማስወጣት ታዘዘላት። አዲስ አበባ ግን ግማሽ ሚሊዮን ሰው እንኳ አልሞላትም ነበር። የእሷ በሽታ ውኃ ነበር፣ ሽንት ቤት ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ በጥቂት መኳንንትና በቤተ ክህነት እጅ መሆኑ ነበር። ታዲያ ለጎረቤት ልጅ የታዘዘ ሽሮፕ ለእኛ ልጅ ምን ያደርግለታል?

እንግሊዝ ውስጥ ፕላኑ ጥርስ ያወጣው በሕግ ነው። በ1946 የአዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ፤ በ1947 ደግሞ ባለመሬቱ ያለ መንግሥት ፈቃድ በመሬቱ ላይ እንዳይገነባ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። መቀነቱ ባዶ መሬት ሆኖ የቆየው ሎርዶቹ ደግ ስለሆኑ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ሥዕሉ መጣ፤ ሕጉ አልመጣም። ባለርስቱ በርስቱ ላይ እንደፈለገ ቤት እየሠራ ሲያከራይ፣ ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ያየዋል። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ዞረ፤ እሱ የራሱ ታሪክ ስላለው እንለፈው።

ግን የእኔ ትልቁ ቅሬታ ሕጉ ላይ አይደለም። ድንቹ ላይ ነው።

ሰር ፓትሪክ ለንደን ውስጥ በስንት ድካም ፈልገው ያገኙት ነገር አዲስ አበባ ላይ ሳይፈለግ ተቀምጦ ነበር። ስሙም “ሰፈር” ይባላል። ከተማችን የተቆረቆረችው በሰፈር ነው፤ ቃሉ ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ራስ እገሌ ኮረብታው ላይ፣ ተከታዮቻቸው ዙሪያውን፣ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ድንበሩ ወንዝ። ሀብታምና ድሃ አንድ አጥር ተጠግተው ይኖሩ ነበር፤ ለንደን ይህን በሕግም አላገኘችውም። ሠራተኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፤ ስማቸው ብቻውን ካርታ ነው።

ጉለሌን እንውሰድ። ስሙ ከተማዋ ሳትኖር በፊት እዚህ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ከዚያ በላዩ ላይ ስንቱ መጣ! ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎቹና ሸማኔዎቹ፣ ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች፣ አዲሱ ገበያ፣ ሩፋኤል፣ ድል በር። ከወንዝ ወዲህና ከወንዝ ወዲያ ያለው ሰው ዕድሩ ለየብቻ፣ ታቦቱ ለየብቻ ነው። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ እርሳስ ይዞ ከጳውሎስ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሩ ቢሄድና ድንቹን ቢስል ኖሮ፣ የለንደኑን ካርታ የሚያስንቅ ካርታ በሳምንት ውስጥ ይጨርስ ነበር። “በፊት ጥናት” ያሉት አስተማሪ ግን በሽምግልናቸው መጡና፣ የተዉልን ካርታ ላይ የሚታየው ቀለበቱ እንጂ ድንቹ አይደለም።

ሰፈር ገነት ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አልነበረም። ለስንት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ የሚወርድ ጎርፍ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ... ይህን ቀጨኔ የኖረ ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪዋን ጀበናዋን እየገዙ “ቡዳ” የሚሏት ጎረቤቶችም የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሰፈር መለወጥ ነበረበት። ጥያቄው ሲለወጥ ምኑ ይቆይለት የሚለው ነው፤ እሱን ለመመለስ ደግሞ ቤት ውስጥ ገብቶ ማየት ግድ ነው።

ገብተን እንይ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚሠራው የት ነው? እቤቱ ነው። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ እግሩን እጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ያሳልፋል። ሚስቱ እዚያው ትፈትላለች ወይም ድውሩን ታዘጋጃለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይላላካል። ማታ ጉድጓዱ አጠገብ ይተኛል። ቤቱ ፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካው መኝታ ቤት ነው። የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪም እንዲሁ ናት፤ ጭቃው በረንዳ ላይ፣ ምጣዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ እሳቱ ጓሮ።

የአበርክሮምቢ ትውልድ ነዳፊዎች ትልቁ እምነት ደግሞ ምን ነበር መሰላችሁ? ሥራና መኖሪያ ይለያዩ የሚል ነው። እዚህ ፋብሪካ፣ እዚያ ቤት፣ መሐሉ ላይ ሣር። ለማንቸስተር ትክክል ነው፤ የማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ ጭስ የስንቱን ሕፃን ሳንባ አጥቁሯል። ሰውየውም ያደጉት ያን እያዩ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ጥጥ አይጨስም። ከሸማኔው ቤት የሚወጣው ድምፅ የመወርወሪያ ቷ ቷ ነው፤ እሱንም ጎረቤቱ ካልሰማ “ምነው ታመመ እንዴ?” ይላል። ይህን ሰው ሥራህን እዚያ፣ ቤትህን እዚህ አድርግ ስትለው የምትለያየው ሥራና ቤት ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?

መቀነቱም ጉለሌ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። በሰሜን በኩል እንጦጦ አለ፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የለበሰ። አበርክሮምቢ ባይመጡም ጉለሌ አረንጓዴ መቀነት ነበራት፤ የተተከለው ግን ለእሑድ ሽርሽር ሳይሆን ለማገዶ ነው። እንግሊዙ በመቀነቱ ውስጥ ውሻውን ያንሸራሽራል። የእንጦጦዋ ሴት የራሷን ክብደት የሚያህል ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ጎንበስ ያለች ስለሆነች ከፊቷ ያለውን መንገድ እንጂ ፊቷን ማንም አያየውም። ዛሬ በዚያ በኩል ከ700 ሄክታር በላይ የሚሆን የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ የተከፈተ የእንጦጦ ፓርክም አለ። ጥሩ ናቸው፤ ሄዳችሁ እዩአቸው። እኔ የምለው፣ “አረንጓዴ ቦታ” የሚለው ቃል ካርታ ላይ አንድ ቀለም ቢሆንም፣ ለአንዱ ሳንባ፣ ለሌላው እንጀራ ነው።

ቀለበት መንገዱስ? እሱ እንኳ አርባ ዓመት ቆይቶም ቢሆን መጣ። በ1990ዎቹ ቻይናዎች ሠሩት። በደቡብ በኩል ዞሮ፣ በምዕራብ በኩል ወደ ዊንጌት ወጥቶ፣ ሰሜን ላይ ሳይገጥም ቀረ። ጉለሌ የቀለበቱ ክፍት ጎን ሆነች። ለንደን ራሷ የከተማ ውስጥ ቀለበቶቿን በ1973 ጥላቸዋለች፤ ነዋሪው “ቤታችንን አፍርሳችሁ መኪና አታሳልፉም” ብሎ በምርጫ ጣላቸው። በኋላ በ1986 የተጠናቀቀው ትልቁ ቀለበት ከከተማው ውጭ ነው የዞረው። እንግዲህ የነዳፊው አገር ሰዎች ንድፉን እየመረጡ ነው የወሰዱት። መቀነቱን ያዙ፣ አዳዲሶቹን ከተሞች ሠሩ፣ መሐል ከተማዋን የሚቆርጠውን መንገድ ግን እምቢ አሉ። እምቢ የሚሉበት ቦታ ነበራቸዋ!

እኛ ዘንድ ከአበርክሮምቢ በኋላ ፕላን በፕላን ላይ ተደረበ። ቦልተን ሄነሲ የሚባሉ እንግሊዞች መጥተው አሻሻሉት። ፈረንሳዊው ደ ማርየን መጡ፤ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ መጡ፤ ጣሊያኖች ከእኛዎቹ ጋር ሠሩ። በ1990ዎቹ ደግሞ የራሳችን ባለሙያዎች ቢሮ ከፍተው ሠሩ፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የባለሙያው ዜግነት ሲለወጥ ልማዱ ሁልጊዜ አብሮ አይለወጥም። ዛሬም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመጣው በኮምፒውተር ያማረው ሥዕል ነው። መንገዱ ላይ ዛፍ፣ ዛፉ ሥር ረጅም ፈረንጅ መሳይ ሰው፣ ከጎኑ ብስክሌት። ጥናቱ፣ ማለትም “አንተ እዚህ ቤት ውስጥ ምን እየሠራህ ነው የምትኖረው?” የሚለው ጥያቄ፣ ከመጣም ዶዘሩን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ አይተናል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዕድሩ የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱን የምታገኙት ከካርታ ሳይሆን አንድ ልቅሶ ላይ ከአራት አቅጣጫ ታክሲ ተሳፍረው ከሚመጡት እናቶች ነው።

ሰር ፓትሪክን ለፍርድ ሳቀርብ አንድ ነገር አልክድባቸውም። እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ሰዎች የራሳቸውን ሐውልት ለማቆም የሚሠሩ ሰው አልነበሩም። የሕፃኗን እግር አስበዋል። ገጠሩን በከተማ እንዳይዋጥ ለመከላከል በ1926 ማኅበር አቋቁመው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተዋል። ጥፋታቸው ያስተማሩትን ትምህርት ለንደን ላይ ትተው ሥዕሉን ብቻ ይዘው መምጣታቸው ነው። የእኛ ጥፋት ደግሞ ሥዕሉን ተቀብለን ትምህርቱን አለመጠየቃችን።

ከሽሮ ሜዳ ወይም ከቀጨኔ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሸማኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁልፍ ይቀበላል። ቧንቧ አለ፣ ሽንት ቤቱ የብቻ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆም አዲስ መሸመኛ መጥቷል ይባላል፤ አንዳንድ ቦታም የማምረቻ ሼድ ተሠርቷል። ሼዱ የደረሰው ይሠራል። ያልደረሰው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ በእግሩ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። ከሥሩ ያለው ጎረቤት ጣሪያው ተንኳኩቶ ቀና ይላል።